እንሻገር ወይስ እንቁም?

እኛ ነጭ በትር ይዘን አዲስ አበባ ውስጥ የምንንቀሳቀስ ዓይነ ስውራን መንገድ ዳር ቆመን የምናባክነው ጊዜ ተጠራቅሞ ቢመለስልን ስንት ሥራ በሠራንበት ነበር። ቆመን እናዳምጣለን። ሚኒባስ አለፈ፤ ሌላ መጣ፤ ሞተር ብስክሌት በመሃል ሾለከ። ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» ይላል፤ ሱቁ በር ላይ ያስቀመጠው ድምፅ ማጉያ ዘፈኑን ይለቀዋል፤ ጡሩምባ ከግራም ከቀኝም ይነፋል። ከዚህ ሁሉ ጫጫታ መሃል የምንፈልገው አንዲት ነገር ናት፤ መኪናው ቆሟል ወይስ አልቆመም? ዓይናማው ቀና ብሎ በቅጽበት የሚያውቃትን ነገር እኛ በጆሯችን ስንለቅም እንውላለን።

ምንም አልተሠራልንም አንልም። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ የእግረኛ መንገዱ ብዙ ቦታ ላይ ሰፍቷል፤ ቢጫ ጎርባጣ ንጣፍም ተነጥፎበታል። በበትራችን እየነካን፣ በጫማችን እየዳበስን፣ ደስ ብሎን ሄደንበታል። ንጣፉን የፈጠረው ሴኢቺ ሚያኬ የተባለ ጃፓናዊ ነው። መጀመሪያ የተነጠፈው በ1967 እ.ኤ.አ. ኦካያማ ከተማ ውስጥ፣ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አጠገብ ባለ መሻገሪያ ላይ ነው። መሻገሪያ ላይ መሆኑ ይሰመርበት። ሰውየው የተጨነቀው አንድ ዓይነ ስውር አስፋልት ዳር ሲደርስ በምን ያውቃል ብሎ ነው። እኛ ጋ ግን ንጣፉ ስንት መንገድ ይዞን መጥቶ እጃችንን የሚለቀው ብዙ ጊዜ እዚያው አስፋልት ዳር ነው።

የንጣፉ ነገር ቀላል ነው። ረዣዥም መስመር ያለው «ቀጥሉ» ይላል፤ ነጠብጣብ ያለው «ቁሙ፣ ከፊታችሁ አንድ ነገር አለ» ይላል። ይህን የማያውቅ ሰው ሲነጥፈው ሁለቱ ይደበላለቃሉ። መስመሩ እየመራ ይወስደንና ከመብራት ምሰሶ ጋር ያላትመናል። ከምሰሶው ብንተርፍ መኪና እንዳይወጣ ተብሎ የተተከለው አጭር ብረት ጉልበታችንን ይጠብቃል። አንዳንዴ ሊስትሮው ሳጥኑን፣ ቡና የምታፈላዋ እህታችን በርጩማዋን አስቀምጠውበታል። የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ ቢጫው መስመር ለምን እንደተነጠፈ የነገራቸውም የለም። ባለመኪናው ሲያቆምበት ግን ምን ብለን ይቅር እንበለው?

ጠርዙም ሌላ ጣጣ ነው። መሻገሪያው አፍ ላይ የእግረኛ መንገዱ ከአስፋልቱ ጋር እኩል እንዲሆን ዝቅ ተደርጓል። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን የግድ ነውና እሰየው። ዳሩ ግን ለእኛ «አስፋልት እዚህ ጋ ይጀምራል» ይለን የነበረው ያ ከፍታ ነበር። እሱ ሲነሳ በምትኩ ነጠብጣቡ ንጣፍ ከዳር እስከ ዳር መግባት አለበት። ካልገባ በእግረኛ መንገድ የሄድን እየመሰለን አስፋልት መሃል እንገኛለን፤ መሳሳታችንን የሚነግረንም የፍሬን ጩኸት ነው።

ከዚያ መብራቱ አለ። አዲሶቹ ሰከንድ ይቆጥራሉ ተብለናል። ይቁጠሩ፤ ግን ዝም ብለው ነው የሚቆጥሩት። ቀዩም ዝም፣ አረንጓዴውም ዝም። እንግሊዝ አገር ብዙ መሻገሪያ ላይ የእግረኛው መብራት አረንጓዴ ሲሆን ድምፅ ያሰማል። ድምፅ በማይመችበት ቦታ ደግሞ እግረኛው ከሚጫነው ቁልፍ ሳጥን ሥር ትንሽ ሾጣጣ ነገር አለች፤ እጅን አስነክቶ መጠበቅ፣ ስትሽከረከር መሻገር ነው። ጃፓን ውስጥ የወፍ ድምፅ ይሰማል። አውስትራሊያ ውስጥ ቀስ ያለ ምት «ጠብቅ»፣ ፈጣን ምት «ተሻገር» ማለት ነው፤ ጆሮው የማይሰማ ሰውም ቁልፉን ሲነካ ንዝረቱ ይሰማዋል። እነዚህ ከተሠሩ አሥርት ዓመታት ያለፋቸው ነገሮች ናቸው። አረንጓዴውን የሚያበራው ኤሌክትሪክ ድምፅም ማሰማት ይችላል፤ መብራቱ ሲገዛ ያሰበልን ሰው ነው የጠፋው።

መብራት የሌለበት ዜብራ ላይ ደግሞ ከደጉ ሹፌር ጋር እንቸገራለን። ይቆምልናል፤ እግዜር ይስጠው። ቆሞ በእጁ «እለፉ» ይላል። አናይም። ጡሩምባ ይነፋል። ጡሩምባው «እለፉ» ይበል «ዞር በሉ» በምን እንወቅ? እኛም ቆምን፣ እሱም ቆመ፣ ከኋላው ያሉት ይጮሃሉ። በመጨረሻ ሰልችቶት ሲነሳ እኛም እግራችንን ያነሳነው ያኔ ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ቆሜያለሁ፣ ተሻገር ወንድሜ» ቢል ነገሩ ያልቅ ነበር።

እስካሁን የሚያድነን የሞተር ድምፅ ነበር። አሁን እሱም እየራቀን ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ በዝቷል። ጭሱ መቅረቱን ለሳንባችን እንወድደዋለን፤ ግን መኪናው ቀስ ብሎ ሲመጣ አይሰማም፤ የምናውቀው ነፋሱ ልብሳችንን ሲነካው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ድምፅ እንዲያሰማ ያስገድዳል። እኛ ጋ የሚገባው መኪናም ይህን ሳያሟላ ባይገባ ማን ይጎዳል?

ሊረዱን ስለሚመጡትም እንናገር፤ ቅር እንዳይላቸው። ሳይጠይቁ ክንድ ይዞ መጎተት አለ። በትራችንን ይዞ መምራት አለ፤ በትሩ ዓይናችን ነው፤ ሲያዝ እንጨልማለን። ታክሲ እየጠበቅን ሳለ ግድ ብሎ ማሻገር አለ። አብሮን ያለውን ሰው «የት ነው የሚሄደው?» ብሎ መጠየቅ አለ፤ እኛው አፍ እያለን። ሥራ ለመግባት ቆመን ሳለ «እግዜር ይማርህ» ብሎ ሳንቲም እጃችን ላይ ማስቀመጥ አለ። ደግነቱን አንጠላም። «ላሻግርህ?» ብሎ መጠየቅ፣ እሺ ካልን ክርኑን ማስያዝ፣ ይኸው ነው።

አቤት ብንል ዛሬ ነገ እንባላለን። አንድ ቢሮ የተሰጠንን መልስ ግን አንረሳውም፤ «በዚህ መንገድ ዓይነ ስውር ብዙም አይሄድም እኮ» ተባልን። የማንሄደው መሻገር ስላልቻልን ነው! ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 መንገዶችን በስም ይጠራል። ሕገ መንግሥቱም የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። የጎደለው ሕግ አይደለም።

መንገድ የምትነድፉ፣ የምትሠሩ፣ የምትቆጣጠሩ ወገኖቻችን፣ የምንለምናችሁ ይህን ነው። ቀጣዩን መሻገሪያ ከተቋራጩ ከመረከባችሁ በፊት ከመካከላችን አንዱን ጥሩ። ማንም ክንዱን ሳይዘው በነጭ በትሩ ብቻውን ይሻገር። መሻገር ካቃተው ሥራው አላለቀምና አትረከቡት።