ፎጣ ለብቻ ነው

ቡዳፔስት ደርሶ የተመለሰ ሰው ሁሉ የሚላት አንዲት ነገር አለች፦ «ፍል ውሃ ሳትገባ እንዳትመጣ!» ለስብሰባ የሚሄደውም፣ ከቪየና በባቡር ደርሶ ማታውን ሊመለስ ያሰበውም ይህችን አደራ ተሸክሞ ነው የሚነሳው። ሳይገባ የተመለሰ «ታዲያ ምን ሠርተህ መጣህ?» ይባላል፤ መልስ የለውም። ስለዚህ ሁሉም ይገባል። አደራ ሰጪው ግን ከገባህ በኋላ ምን እንደሚጠብቅህ ትንፍሽ አይልም። የሚያሳይህ ፎቶ ብቻ ነው፤ እንፋሎት፣ ዓምድ ያለው የድሮ ሕንፃ፣ እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ጥርሱን የገለጠ እሱ ራሱ።

ከውሃው ጋር ጠብ እንደሌለኝ በቅድሚያ ይታወቅልኝ። ከተማይቱ የቡዳ ኮረብቶች ከፔስት ሜዳ በሚገናኙበት የምድር ስንጥቅ ላይ ስለተቀመጠች ከሥሯ ከ100 በላይ የፍል ውሃ ምንጮች ይፈልቃሉ። ሮማውያን አኩዊንኩም ብለው በሰፈሩበት ዘመን ታጥበውበታል። ቱርኮች በ16ኛው መቶ ዘመን ሲገዟት ጉልላት ያላቸው መታጠቢያዎች ሠሩ፤ ከነዚያ አንዱ የሆነው ሩዳሽ ዛሬም ሰው ይገባበታል። በፈረንጆቹ 1913 የተከፈተው ሴቼኒ መታጠቢያ ከ1,200 ሜትር በላይ ከሚወርድ ጉድጓድ የሚቀዳው ውሃ ሲወጣ 77 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ ገላ የሚችለው እንዲሆን መቀዝቀዝ አለበት። ሽማግሌዎቹ እዚያ ደረታቸው ድረስ ገብተው ቼዝ ሲጫወቱ በፎቶ ያላየ የለም። የሀንጋሪ ሐኪሞች ቁርጥማትና የወገብ ሕመም ላለበት ሰው ወረቀት ጽፈው ወደ ፍል ውሃ ይልካሉ፤ የመንግሥት የጤና መድንም ወጪውን ይደጉምለታል። እንግዲህ ውሃው ምን አጠፋ? እሮሮዬ ከውሃው በላይ ስለተቆለለው ነገር ነው።

እኔና የአክስቴ ልጅ የገባንበትን ስሙን አልጠራም፤ ከትልልቆቹ አንዱ ነው፣ ይበቃል። እሷ ቪየና ነው የምትኖረው። እኔ ለስብሰባ መጥቼ አንድ ነፃ ቀን ስለነበረኝ በባቡር ከተፍ አለች። ቀኑ ደግሞ ቅዳሜ ሆነ።

ቅዳሜና እሑድ ዋጋው ከሥራ ቀን ይጨምራል። ይሁን፣ የትም ያለ ነው። ከ10,000 ፎሪንት በላይ፣ ወደ ዩሮ ሲመነዘር ከ25 የሚያልፍ ነው፤ ወደ ብር እንዳትመነዝሩት እለምናችኋለሁ። ትኬቱን ዘመዴ ከባቡሩ ውስጥ ሆና በስልኳ ገዝታለች፤ «ወረፋ አንጠብቅም» ብላ ኮርታለች። ስንደርስ ሁለት ሰልፍ አለ፤ አንዱ ትኬት ለሌላቸው፣ ሌላው ወረፋ ላለመጠበቅ ትኬት ቀድመው ለገዙ። የረዘመው ሁለተኛው ነው። ለካ አገር ምድሩ ወረፋ ላለመጠበቅ ከፍሎ ወረፋ ላይ ቆሟል! ከፊታችን የነበሩ ባልና ሚስት ሁለት ሕፃናት ይዘው ነበር፤ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ከ14 ዓመት በታች አይገባም ተባሉ። ያንን ሁሉ ሰዓት ቆመው! ማስታወቂያው ተለጥፏል፣ አዎ፤ የተለጠፈው ግን መስኮቱ ጋ ነው፣ ሰልፉ ከሚያልቅበት።

ከዚያ የፕላስቲክ አምባር በእጅህ ይጠለቃል። በሩን የሚከፍተው እሱ ነው፣ ሳጥኑን የሚቆልፈው እሱ ነው፣ ከጠፋብህ ቅጣት የሚያስከፍልህም እሱው ነው። ልብስ መቀየሪያው ሁለት ዓይነት ነው። በር ያለው ጠባብ ክፍል ጭማሪ ይከፈልበታል፤ ያልጨመረ የቁም ሳጥን ብቻ ይሰጠዋል። እኛ አልጨመርንም። «እንዴ፣ ልብስ ለመቀየር ነው?» አልኩ። በረጠበ ሴራሚክ ላይ በአንድ እግር ቆሞ ሱሪ ማውለቅ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ጫማህን መሬት እንዳታደርገው ውሃ ነው፣ ካልሲህ ጫማው ውስጥ ነው፣ የሱሪህ አንዱ እግር ኩሬው ውስጥ ገብቷል፤ አንድ ቁመተ ረጅም ሰው ደግሞ ከአንተ በላይ ያለውን ሳጥን ሊከፍት ክርኑን ግንባርህ ላይ አድርጎ ይቅርታ ይጠይቃል። ሳጥኑ በተከፈተ ቁጥር የእርጥብ ጎማ ሽታ ይወጣል። ይሄ እንግዲህ የእረፍቱ መጀመሪያ ነው።

«ፎጣስ?» አልኩ።

«ለብቻ ነው።»

ነጠላ ጫማም ለብቻ ነው። የዋና ቆብም ለብቻ ነው። ፎጣው አይከራይም፣ ይሸጣል፤ ዋጋው ደህና ምሳ ያበላል። ሆቴልህ ካለው ፎጣ አንዱን ይዘህ ብትመጣ ኖሮ? ማንም አልነገረህማ! ፎቶ የላከልህ ሰው ስለ ፎጣ ምን አለ? ምንም። የሚገርመው የሚሸጠው ፎጣ ሁሉ ነጭና አንድ ዓይነት ነው። ግድግዳው ላይ ሰቅለኸው ውሃ ገብተህ ስትመለስ አምስት ነጭ ፎጣ ተደርድሮ ታገኛለህ። ሁሉም የተገዛው ከዚያው መስኮት ነው። የቱ ነው ያንተ? ደረቁን ታነሳለህ። ባለቤቱም በተራው የሌላውን ደረቅ ያነሳል።

የቆቡ ነገር ደግሞ የዘመዴ ጣጣ ነው። ለመዘፍዘፍ ብቻ ከሆነ ቆብ አያስፈልግም፤ መዋኛው ገንዳ ግን ያለ ቆብ አይገባም። እሷ ዋና ትችላለች፣ የመጣችውም ልትዋኝ ነው። ጸጉሯ ግን ወገቧ የሚደርስ ሹሩባ ነው፣ ቀጭን ቀጭኑን ተሠርታ። የገዛችው ቆብ የሎሚ ልጣጭ ያህል ቢሆን ነው። ሹሩባውን ጠቅልላ ጫነችው፤ ተንሸራቶ ወጣ። በሁለት እጇ ወጥራ ደግማ ጫነችው፤ ጧ አለና በግንባሯ በኩል ተተረተረ። ጠባቂው ፊሽካ ነፋ። የተቀደደውን አሳየችው። ትከሻውን ነቅንቆ ወደ መሸጫው መስኮት ጠቆማት። «ይሄ ሰውዬ እኔን ነው ወይስ ጸጉሬን ነው የጠላው?» አለች በአማርኛ፤ ከዚያ ወዲያ ዋና የሚባል ነገር አላነሳችም። ሕጉ ምክንያት አለው፣ ጸጉር ማጣሪያውን ይዘጋል። ግን በዓለም ላይ ሹሩባ የምትሠራ ሴት መኖሯን ቆብ ሻጩ እስከ ዛሬ አልሰማም?

ገንዳ ፍለጋው ሌላ ሥራ ነው። አንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይወስዳል፣ ያኛው ወደ ደረጃ፣ ደረጃው ወደ ተዘጋ በር። በየገንዳው ራስ ላይ ሙቀቱ ተጽፏል፦ 28፣ 36፣ 38፣ 40። 28ቱ ባዶ ነው፤ ማን ብርድ ሊገዛ ይመጣል? 38ቱ ውስጥ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጋጥሞ ቆሟል፤ መቀመጥ የለም። 40ው ጋ ከ20 ደቂቃ በላይ አትቆዩ ይላል። ለሙሉ ቀን ከፍለህ ለ20 ደቂቃ ትፈቀዳለህ፣ ከዚያ ወጥተህ ማረፍ አለብህ ማለት ነው። የት? ወንበሮቹ ላይ ሰው የለም፣ ፎጣ ግን አለ። ከጠዋት ጀምሮ ቦታ የያዘ ፎጣ! ባለቤቱ ምናልባት ቡና ቤት ነው፣ ምናልባትም አገሩ ገብቷል።

ውጭ ያለው ገንዳ ነው ፎቶው ላይ የምታዩት። ወራቱ ክረምታቸው ነበር፣ ብርዱ ከዜሮ በታች። ከበሩ እስከ ውሃው ያለችውን መንገድ በእርጥብ ገላ የሮጠ ሰው ስለ እረፍት አያወራም። ከገባህ በኋላ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይላል። ጭንቅላትህ በረዶ፣ ገላህ እሳት፤ አጥንትህ ሲላቀቅ ይሰማሃል። ይህ ደስታ የሚቆየው ግን የመጀመሪያው ስልክ እስኪወጣ ነው። ሁሉም ውሃ የማያስገባ የፕላስቲክ ኪስ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ወደ ቀኝ ብትዞር ሴልፊ፣ ወደ ግራ ብትዞር ቪዲዮ። በስንት የማላውቀው ሰው ስልክ ውስጥ ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ ቆሜ እንደምገኝ እግዜር ይወቀው። በአንድ ጥግ ሊያገባ ያለ ወጣት ጓደኞቹ ተሰብስበውለት ቢራ በፕላስቲክ ብርጭቆ ይዘው ይዘፍናሉ፤ በሌላው ጥግ ፍቅረኞች ተጣብቀው ዓለምን ረስተዋል። በአገር ደንብ ያደገ ሰው ዓይኑን የት ያሳርፍ? ሰማይ ሰማይ ሳይ አንገቴ ደረቀ።

መሐል ላይ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ከቧንቧው የሚወርደውን ፍል ውሃ ትከሻቸው ላይ ያስመታሉ። እንደ አያያዛቸው ሐኪም የላካቸው ይመስላሉ። ቢራ የያዘው ልጅ እየተንቦጫረቀ ፊታቸውን ባረጠበው ቁጥር ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ጥቂት ፈቀቅ ይላሉ። እየተገፉ እየተገፉ መጨረሻ ላይ ቧንቧውን ለቀቁለት። ከሁላችን ይልቅ የሚያማርሩበት ምክንያት ያላቸው እሳቸው ነበሩ፤ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

የእኛም አገር ፍል ውሃ ገነት ነው ልል አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ቤት ያሠሩበት፣ አዲስ አበባ ስሟን ያገኘችበት ፍል ውሃ በዓል ዋዜማ ምን እንደሚመስል የከተማው ሰው ያውቃል፤ ወረፋ ነው፣ ደረጃ በደረጃ ትኬት ነው፣ ሳትጠግብ ሰዓት ሞላ ተብሎ በር ማንኳኳት ነው። ግን በር አለው! ፌስታልህን ይዘህ ትገባለህ፣ ትዘጋለህ፣ ሳሙናህን ትመታለህ፣ ንጹሕ ሆነህ ትወጣለህ። ማንም ፎቶ አያነሳህም። ዘመዴ እናቷ ጋ ደውላ የዋልንበትን ስትነግራቸው እትዬ መጀመሪያ የጠየቁት «ሳሙና ይዛችኋል?» ብለው ነው። ሳሙና ውሃው ውስጥ እንደማይገባ ስትነግራቸው ዝም አሉ። «እና ለምን ገባችሁ?»

መውጫው ከመግቢያው አይሻልም። የጸጉር ማድረቂያዎቹ ጥቂት፣ ተሰላፊው ብዙ፤ ሹሩባ ደግሞ በአምስት ደቂቃ የሚደርቅ ነገር አይደለም። ዘመዴ በረጠበ ጸጉሯ ላይ ሻርፕ ጠቅልላ ትራም ስትጠብቅ እትዬ አሁንም ስልክ ላይ ናቸው፤ «ከሙቅ ወጥተሽ ንፋስ ገባሽ? ምች ይምታኝ ነው የምትይው?» እኔ በአንድ እጄ በፌስታል የታሰረ እርጥብ ፎጣ ይዣለሁ። ትተነው እንዳንሄድ ገንዘባችን ነው፤ ይዘነው እንዳንሄድ የእጅ ሻንጣዬ ቀድሞውኑ ሞልቷል። በማግስቱ አውሮፕላን ማረፊያ ስፈተሽ ሻንጣዬ ሲከፈት መጀመሪያ ብቅ ያለው እሱ ነበር፣ ድኝ ድኝ እየሸተተ።

አሁን ፎቶው በየዘመዱ ስልክ ደርሷል። ሁሉም «ታድላችሁ!» ብሏል። አንዱ የአጎቴ ልጅ ለፋሲካ እሄዳለሁ ብሎ ተነሥቷል። እሱንም ሌላውንም የምለው ይህን ነው፦ ከሄዳችሁ በሥራ ቀን ሂዱ፣ በሩ ሲከፈት ድረሱ። ፎጣ፣ ነጠላ ጫማና ፌስታል ከቤት ያዙ፤ ሹሩባ ያላት ሰፊ ቆብ ከዚሁ ትግዛ። ልጅ የያዘ የዕድሜ ገደቡን አስቀድሞ ይጠይቅ። ከተማይቱ ከሁለትና ከሦስት በላይ ፍል ውሃ አላት፤ ፎቶው የማያምርበት፣ የሰፈር አዛውንቶች የሚገቡበት ትንሹ ይሻላችኋል፤ እዚያም ገብታችሁ አታስቸግሯቸው። ያላችሁ ነፃ ቀን ቅዳሜ ብቻ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፤ ዳኑብ ወንዝ ዳር ተቀምጣችሁ ቡና ጠጡ።