ሰላም በአበል

በጃንዋሪ 2014 እ.ኤ.አ. የደቡብ ሱዳን ተፋላሚዎች አዲስ አበባ ሸራተን ለድርድር ተቀምጠው ሳለ፣ የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ልዑካን አዳራሾቹን ስለያዙ ንግግሩ ወደ ሆቴሉ ጭፈራ ቤት ተዛወረ። ቀልድ አይደለም። በዚያው ወር የተኩስ አቁም ተፈረመ፤ ወዲያውም ተጣሰ። ምናልባት ከጭፈራ ቤቱ መውጣት አልነበረባቸውም።

ከፊርማው ኋላ የሚመጣው ባለሙያ ነው። የሰላም ግንባታ አማካሪያችን ጁባ ሲደርስ ነጭ ላንድክሩዘር ይቀበለዋል፤ ሳይመሽ ወደ ታጠረው ግቢ ይመልሰዋል። በመሀሉ «የማኅበረሰቡን የልብ ትርታ» ይለካል። የዲንካና የኑዌር ሽማግሌዎች ደም በከብት ካሳ ሲያደርቁ የኖሩ ናቸው። እሱ ግን ይህንኑ ከእነሱ ጠይቆ፣ ጽፎ፣ በስላይድ አሳምሮ፣ መልሶ ለእነሱ ስለ ሽምግልና ሥልጠና ይሰጣል። ሽማግሌ መቼም እንግዳ አያሳፍርም፤ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል፣ የቡና እረፍቱን ይጠጣል፣ አበሉን ፈርሞ ይወስዳል። (በዚህ ሁሉ ሂደት ቃሉ ሳይታጠፍ የተከበረ ስምምነት ያ የአበል ፊርማ ሳይሆን አይቀርም።)

የ2015ቱ የሰላም ስምምነት በጁላይ 2016 በጁባ ጎዳናዎች ላይ በጥይት ተቀደደ። በ2018 እንደ መንጃ ፈቃድ ታደሰ። የአማካሪው ሪፖርትም እንዲሁ ይታደሳል፤ ዓመተ ምሕረቱ ይለወጣል፣ ምክረ ሐሳቡ «ሁለተኛ ምዕራፍ ያስፈልጋል» እንዳለ ይቀመጣል። ለ2024 የታቀደው ምርጫ ወደ ዲሴምበር 2026 ሲገፋ ያልደነገጠ ሰው ቢኖር እሱ ነው፤ ውሉም አብሮ ተገፋለት።