መገናኛን የአንድ ቀን ወደብ ለማድረግ የወጣ አዋጅ

ሀገሪቱ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባህር በር የሌላት ብትሆንም፣ ባህር የሌለው ሕዝብ ወደብ አይኑረው የሚል ድንጋጌ በየትኛውም መዝገብ ስላልተገኘ፣ እንዲያውም ሞጆ ላይ ደረቅ ወደብ ተቋቁሞ የኮንቴይነር ክምር ሲያስተናግድ ባህሩ የት እንዳለ ማንም ያልጠየቀ በመሆኑ፤

በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ በመብረር ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዛሬ ከአህጉር ወደ አህጉር የሚያልፈውን ሰው ቦሌ ላይ የሚያሳርፍ፣ ይህም ሰው «ትራንዚት»፣ ማለትም ከአንዱ ወርዶ ሌላውን የሚጠብቅ፣ መጥቷል የማይባል፣ አልመጣም ተብሎም የማይካድ መንገደኛ በመሆኑ፤

ረጅም የመርከብ ሽርሽር ላይ ያለ ጎብኚ በሐሩር ወደብ ለአንድ ቀን ሲወርድ የሚገጥመው ክብርና ግርግር ለዚህም መንገደኛ የሚገባው ሆኖ ስለተገኘ፣ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ይህ አዋጅ «የመገናኛ ወደብ ማቋቋሚያ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፦ የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ወደብ» ማለት የቀለበት መንገዱ፣ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚመላለሰው ቀላል ባቡርና የቦሌ፣ የሃያ ሁለት፣ የሲኤምሲና የኮተቤ ታክሲዎች ተገናኝተው፣ ማን ቀድሞ ይለፍ በሚለው ላይ ገና ያልተስማሙበት ስፍራ ነው። «ሐሩር» ማለት ከምድር ወገብ በሰሜንም በደቡብም እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ገደማ የተዘረጋው ክልል ሲሆን፣ አዲስ አበባ 9ኛው ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ መገናኛ ያለ ክርክር የሐሩር ወደብ ነው፤ ይሁን እንጂ አካባቢው ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑ፣ በሐምሌ በቁምጣና በሳር ባርኔጣ የወረደ መንገደኛ ለሚደርስበት ብርድ ካሣ አይከፈለውም። ጋቢ መግዛት ይችላል፤ ጋቢው ግን ሽሮ ሜዳ ነው፣ ሽሮ ሜዳ ለመድረስም ሰልፍ ያስፈልጋል።

አንቀጽ 3፦ የወደቡ ሰዓት ከንጋት፣ የበረራ ወረቀቱ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆጠር በመካከላቸው የ6 ሰዓት ልዩነት አለ። ይህን ባለማወቅ በረራው ያመለጠው መንገደኛ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደ ነዋሪ ይቆጠራል።

አንቀጽ 4፦ መንገደኛው ቡና ሲጋበዝ ከአቦል፣ ማለትም ከመጀመሪያውና ከወፍራሙ ስኒ በኋላ ብድግ ማለቱ ነውር ነው፤ ሁለተኛውን ቶናንና ሦስተኛውን በረካን መጠበቁ ደግሞ አውሮፕላን ያስመልጣል። ሕግ አውጪው በዚህ ላይ ብዙ ከተከራከረ በኋላ ጉዳዩን ለባለ ጀበናዋ መርቶታል።

አንቀጽ 5፦ በመግቢያው የተሰጠው የትራንዚት ትርጉም በጥሞና ሲመረመር፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ወደ አያት ለመሄድ መገናኛ የተሰለፈውን ሠራተኛ ከነምሳ ዕቃው የሚያካትት ሆኖ ተገኝቷል፤ እሱም ከአንዱ ወርዶ ሌላውን ይጠብቃልና፣ ቤቱ የሚጠብቁትም መጥቷል ሊሉት አይችሉምና። ስለሆነም የሰማዩ መንገደኛ ቆይታው ሲረዝም አልጋና እራት እንደሚሰጠው ሁሉ፣ የሰልፉም መንገደኛ ተመሳሳይ መብት በመርህ ደረጃ ተረጋግጦለታል። «በመርህ ደረጃ» ማለት በጀት ያልተያዘለት ማለት ነው። ትዕግሥት ያነሰው ተሰላፊ ብሔራዊ ሙዚየም ሄዶ፣ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ እስክትገኝ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ያለ አቤቱታ የጠበቀችውን ድንቅነሽን እንዲመለከት ይመከራል። የወደብ አለቃነት ሥልጣን ለተራ አስከባሪው የተሰጠ ሲሆን፣ ውሳኔው ይግባኝ የለውም፤ ዝናብ ከጣለ ግን ሰልፉም ሥልጣኑም በአንድነት ይፈርሳሉ።

አንቀጽ 6፦ ቀድሞ አዋጅ በነጋሪት፣ ማለትም በትልቅ ከበሮ ጉሰማ ይነገር እንደነበረው፣ ይህም አዋጅ ረዳቱ የሚኒባሱን ጎን እየደበደበ በሚያሰማው ጥሪ ይነገራል። የፀና የሚሆነውም ታክሲው ሞልቶ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ሲሆን፣ አዋጁ ለኅትመት እስከገባበት ሰዓት ድረስ፣ ረዳቱ እንዳስታወቀው፣ አንድ ሰው ብቻ ይቀረዋል።