ለመጣው ሰው

የምግብ አሠራር ማደራጃ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች አማት የላቸውም። ቢኖራቸው ኖሮ ከሁሉ አስቀድመው «ለስንት ሰው?» ብለው አይጠይቁም ነበር። የእኔ አማት የገራዶ ሰው ናቸው። ስለ ድንች ወጣቸው ይህንኑ ጥያቄ ባቀርብላቸው ቀና ብለው አዩኝና «ለመጣው ሰው ነዋ!» አሉ። ፕሮግራሙ ግን በዚያች ሣጥን ውስጥ ከቁጥር በቀር አልቀበልም አለ፤ ቁጥር ካልተሞላለት ደግሞ የጻፍኩትን ሁሉ አያስቀምጥም። 4 ብዬ ሞላሁለት። አማቴ ምን እንደጻፍኩ ልጃቸውን ጠይቀው ሲሰሙ፣ «አራት ብቻ? ከጎረቤት ተጣልተናል እንዴ?» አሉ።

የሚደራጀው ሀብት ይህን ይመስላል። ዘይት የጠገበ፣ ሽፋኑ የወደቀ ደብተር አለ፤ ባለቤቴ ተማሪ ሳለች ከእናቷ አፍ እየቀዳች የጻፈችው ነው። በደረሰኝና በቀጠሮ ካርድ ጀርባ የተጫሩ የሳምቡሳና የኬክ አሠራሮች አሉ። ትልቁ ክምችት ግን ስልኳ ውስጥ ያለው የቴሌግራም ድምፅ ነው። እህቷ እንደ ብዙ የወሎ ልጆች ዓረብ አገር ናት፤ ከጅዳ የከብሳውንም የመንዲውንም አሠራር በድምፅ ትልካለች። «ሽንኩርቱን ቀላ ታደርጊዋለሽ፣ ከዚያ ከሙኑን...» ትልና መሐል ላይ የአሠሪዋን ልጆች በዓረብኛ ትቆጣለች። ስትመለስ ከሙኑ ተረስቶ ደረቁ ሎሚ ላይ ደርሳለች።

ወጥ ቤትን ለኮምፒውተር የማስረከብ ሐሳብ በእኔ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1969 ኒማን ማርከስ የተባለው የአሜሪካ መደብር ሃኒዌል ሠራሽ «የማድቤት ኮምፒውተር» በካታሎጉ ላይ አውጥቶ ነበር። ዋጋው ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። የቤት እመቤቷ የምትጠይቀው ማብሪያ ማጥፊያ በመገልበጥ ሲሆን ማሽኑ የሚመልሰው መብራት ብልጭ ድርግም እያደረገ ነው። ይህን ቋንቋ እንድትለምድም የሁለት ሳምንት ሥልጠና ይሰጣታል። የትኛው አምፖል ጨው፣ የትኛው አምፖል በርበሬ እንደሆነ ስትፈታ ሽንኩርቱ ምን እንደሚሆን ያሰበ አልነበረም። ለማድቤት ብሎ የገዛው ሰው እስካሁን አልተገኘም።

እኛ ቤት የሥልጠናውን ሥራ የያዘው ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማረው የአማቴ የልጅ ልጅ ነው። ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ እኛ ቤት መጣና ምርጫዎቹን ዘረዘረልን። ፓፕሪካ የምትባል አለች፤ ገንዘቧ የሚከፈለው በውጭ አገር ካርድ ነው፤ እኛ ያለን ቴሌብር ነው፤ አለፍናት። ሚሊና ታንዱር የሚባሉ ደግሞ አሉ፤ ነፃ ናቸው፣ ግን የራስን ሰርቨር ይፈልጋሉ።

«ሰርቨር ምንድነው?» አሉ አማቴ።

«ሌትና ቀን የማይጠፋ ኮምፒውተር ነው፣ እማማ።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ያኔማ ይጠፋል።»

አማቴ ምንም አልጨመሩም፤ ወደ ከሰላቸው ተመለሱ። ስለ ኮምፒውተር ሥርዓት ከዚህ ያጠረ ግምገማ አንብቤ አላውቅም።

ልጁ ተስፋ አልቆረጠም። አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች ከኢንተርኔት ገጽ ላይ አሠራሩን ራሳቸው ለቅመው ያስገባሉ አለ። እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ያሁ የጋራ የምልክት ሥርዓት አወጡ፤ ገጹን የሚያዘጋጀው ሰው ይኼ ቅመም ነው፣ ይኼ ሰዓት ነው እያለ በስውር ምልክት ይጽፋል፣ ፕሮግራሙም ያንን እያየ ይለቅማል። የእኛ ባለሙያዎች ግን የሚያስተምሩት በአብዛኛው በቪዲዮ ነው። የአንዱን ቪዲዮ ሊንክ ለፕሮግራሙ ብንሰጠው የተመለሰልን የቪዲዮው ርእስ ብቻ ነው፤ እሱም «ጣት የሚያስቆረጥም» ይላል። ይህ በየትኛው ሣጥን ይገባል?

የምግብ ዓይነት መለያ ላይ ደግሞ «ቬጋን» የሚል አለ። የጾም ማለት ነው ብዬ ለጎረቤታችን የምናቀርብላትን ሁሉ እዚያ ከመርኩት። ቤታችን የሙስሊም ቤት ነው፤ ጎረቤታችን ክርስቲያን ናት፤ ረቡዕና ዓርብ ቡና ስትጠጣ ምን እንደሚቀርብላት የዚህ ቤት ልጅ ሁሉ ያውቃል። ፕሮግራሙ ግን ማር ያለበትን ብርዝ ከመዝገቡ አወጣብኝ፤ ለቬጋን ንብም እንስሳ ናት። የሳምንት ምግብ ማቀጃውም ረቡዕን ከማክሰኞ አይለይም። ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ እንደሚመጣ አያውቅም፤ ጳጉሜንማ ከነአካቴው አልሰማም። የሙስሊም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚል መለያ ለመጨመር ስንሞክር «ቀይ ሥጋ ወይስ ነጭ ሥጋ?» ብሎ መለሰልን። ወሎ ላይ ሠርግ የደገሰ ሰው የትኛው ጥያቄ እንደሚቀድም ይነግረዋል።

ጭቅጭቁ የበረታው ግን በሩዙ ነው። እህትየው ለከብሳው ሩዝ የሰጠችው ደቂቃ እዚህ አልሠራም። በታዘዘው ደቂቃ ሲከፈት ፍሬው ከውስጥ ጥሬ ነው። «ቀጣፊ!» አለቻት ባለቤቴ በቴሌግራም። «ወላሂ እኔ በየቀኑ ነው የምሠራው!» ብላ መለሰች። ሁለቱም አልዋሹም። ጅዳ ባሕር ዳር ናት፤ ውኃ እዚያ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ከፍታ 300 ሜትር ያህል በጨመረ ቁጥር መፍያው በ1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ውኃዋ በ92 ዲግሪ ግድም ይንተከተካል፤ ኮምቦልቻ ወርዶ ለሚቀቅል ሰው ደግሞ ወደ 94 ይጠጋል። እሳት ቢጨምሩበት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ውኃው ከዚያ በላይ አይሞቅም። ሽምብራና ባቄላ የሚቀቅሉ የደሴ ሴቶች ይህን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል፤ ከማታ ይዘፈዝፋሉ፣ ክዳን ላይ ድንጋይ ይጭናሉ። ፕሮግራሙ ግራምን ወደ አውንስ፣ ሴልሺየስን ወደ ፋራንሃይት ሲቀይር ይውላል። ማድቤትህ ስንት ሜትር ላይ ናት ብሎ ግን ካየኋቸው አንዱም አልጠየቀኝም።

ፍለጋውም የራሱ ጣጣ አለው። ደብተሩ ላይ «አሳ» ተብሎ የተጻፈውን የሐይቅ ዓሣ ጥብስ በ«ዓሣ» ብትፈልገው «አልተገኘም» ይልሃል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ አልፋው አ እና ዓይኑ ዐ ለየብቻ ቁጥር አገኙ። ይህ ለጽሑፋችን መልካም ነው፤ ለራበው ሰው ግን አይደለም። ሥጋና ስጋን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ፕሮግራም እስካገኝ ሁለቱንም አጻጻፍ ከሥር መጨመር ነው።

በመጨረሻ የመረጥኩት የልጁን ፊት አጨፈገገው። ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ለአንድ ምግብ አንድ ፋይል፣ አጠገቡ የደብተሩ ገጽ ፎቶና የጅዳው ድምፅ እንዳለ። ኩክላንግ የሚባል ነፃ አሠራርም ስላለ ከፈለገ ቅመሞቹን በምልክት ለይቶ የገበያ ዝርዝር ያወጣበታል። ምክንያቴን ነገርኩት። በዶስ ዘመን ሚል ማስተር የሚባል ፕሮግራም ነበር፤ ፕሮግራሙን ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፣ ፋይሎቹ ግን ተራ ጽሑፍ ስለሆኑ እስካሁን ይነበባሉ። ድርጅት ይዘጋል፣ ስልክ ይቀየራል። ደግሞም ተራ ፋይል «እስኪሸት ድረስ» ሲሉት ስንት ደቂቃ ነው ብሎ አይከራከርም።

አማቴ የሚጨነቁት በሌላ ነው። «ይኼ ነገር ሰው ያየዋል?»

«ፓስወርድ አለው፣ እማማ። ከቤተሰብ በቀር ማንም አይከፍተውም።»

«አብሽር፣ እንግዲያው የቂቤ ማንጠሪያዬን ጻፍ» አሉ። ስመኘው የኖርኩት ይህን ነበር። ኮረሪማውን፣ አብሹን፣ በሶብላውን፣ እርዱን በየተራ ነገሩኝ፤ የትኛው መቼ እንደሚገባ፣ አረፋው ምን ሲመስል ከእሳት እንደሚወርድ አንድም ሳይቀር ጻፍኩ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ስታነብ ቆየችና፣

«እማዬ፣ ኮሰረቱን የት አደረስሽው?» አለች።

«ዝም በይ!» አሉ አማቴ በሹክሹክታ። «ለኮምፒውተር ደግሞ ሁሉ ይነገራል እንዴ?»