«በሩን እኮ የሚስበው ሰው ነው!»

የድሮውን የአሜሪካ የጠፈር ተከታታይ ፊልም «ስታር ትሬክ» ከፍቶ መሳቅ ሙያ የሆነላቸው ሰዎች አሉ። ግድግዳው ጣውላ ነው፣ ጭራቁ ጎማ ነው፣ ብልጭልጩ ዱቄት ነው እያሉ ጉድለት ይለቅማሉ፤ የለቀሙትን ደግሞ እንደ ትልቅ ግኝት ያወሩታል። እኔ ሳይንሳዊ ልብወለድ እወዳለሁ። ከፊልሙ በላይ ደግሞ ከካሜራው ጀርባ የሚለፉትን ሰዎች እወዳለሁ። ስለዚህ እነሱ ሲተረቡ ዝም አልልም። ተረቡን በተራ በተራ አንስቼ መልሱን ከሥሩ አስቀምጫለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«በሩ ራሱ የሚከፈት መሰለህ? ከኋላ ሆኖ በገመድ የሚስበው ሰው ነው!»

አዎ፣ ሰው ነው የሚስበው። ጊዜው 1966፣ ቦታው ሆሊውድ፣ ዴሲሉ ስቱዲዮ ነው። ተዋናዩ ወደ በሩ ሲጠጋ ከግድግዳው ጀርባ ለቆሙት ሠራተኞች ምልክት ይሰጣቸዋል። እነሱም ሳይቀድሙ፣ ሳይዘገዩ፣ ሳይታዩና ሳይሰሙ በሩን ግራና ቀኝ ይስቡታል። «ሽው» የሚለው ድምፅ የሚጨመረው ቀረጻው ካለቀ በኋላ ነው። እጃቸው ትንሽ ከዘገየ ካፒቴኑ ከነክብሩ በሩ ላይ ይላተማል፤ እንዲህ የተበላሹ ቀረጻዎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። አንድ ክፍል በስድስት ቀን ገደማ ተቀርጾ ማለቅ ነበረበት፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 29 ክፍሎች ወጥተዋል። በዚያ ጥድፊያ ውስጥ ያን ሁሉ በር በሰዓቱ የከፈተ ሰው ባርኔጣ ይነሣለታል እንጂ አይሳቅበትም። በሩማ ቢያንስ የሚስበው ሰው አለው። ያንተን ልብ የሚከፍት ገመድ ነው የጠፋው።

«መርከብ ማሳረፍ አቅቷቸው ሰውን በብርሃን ያወርዳሉ!»

አቅቷቸዋል። ያን የሚያህል መርከብ በየሳምንቱ አዲስ ፕላኔት ላይ ሲያርፍ ማሳየት የበጀታቸውን አንገት ይቆርጠው ነበር። የፊልሙ ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪና ጓደኞቹ ታዲያ አንድ መላ መቱ፤ መርከቧ ከላይ ትዙር፣ ሰዎቹ እዚህ ጠፍተው እዚያ ይገኙ። አሠራሩን ቀረብ ብለህ እየው። ተዋናዮቹ መድረኩ ላይ ቆመው ይቀረጻሉ፤ ይወርዱና ባዶው መድረክ ይቀረጻል። ከዚያ ለብቻው፣ ጥቁር መደብ ፊት፣ የአሉሚኒየም ብናኝ በብርሃን ጨረር ውስጥ ይበተናል። ካሜራው ተዘቅዝቆ ይጠመድና ብናኙን በጣም ዝግ ባለ እንቅስቃሴ ይቀርጸዋል። ካሜራው የተዘቀዘቀ ስለሆነ ወደ ታች የሚወርደው ብናኝ ወደ ላይ የሚወጣ ይመስላል። ሦስቱ ሲደራረቡ ሰው በብርሃን ተበትኖ ይጠፋል። ችግር በቅቤ ያስበላል ማለት ይኸ ነው፤ ገንዘቡ ሞልቶ መርከቧ ብታርፍ ኖሮ ዓለም እስከ ዛሬ የሚያወራው ያ ብልጭታ አይወለድም ነበር። አንተ ዱቄት አየህ፤ እነሱ በዱቄቱ ሰውን ከሰማይ ምድር አወረዱ።

«የሐኪሙ መሣሪያ እኮ የጨው ዕቃ ነው!»

ታሪኩን ሳታውቅ ጀመርከው፤ እኔ ልጨርስልህ። መስከረም 8 ቀን 1966 በኤንቢሲ ጣቢያ በተላለፈው የመጀመሪያ ክፍል ላይ ጨው የሚመገብ ፍጡር ነበር። ስለዚህ የወደፊት ዘመን የሚመስል የጨው መነስነሻ ተፈለገ፤ ዕቃ ገዢውም ገበያ ወጥቶ ቅርጻቸው ለየት ያሉትን ገዝቶ መጣ። ሲያዩአቸው ግን ከመለየታቸው የተነሣ ተመልካቹ የጨው ዕቃ መሆናቸውን አያውቅም ተባለ። ስለዚህ ለጨዋታው ተራ የጨው ዕቃ ቀረበና እነዚያ የተገዙት ለዶክተር ማኮይ የሕክምና መሣሪያ ሆኑ። አንድ ሳንቲም ሳይባክን ሆስፒታል ተሟላ። ጨው የሌለው ተረብ ይዘህ መጥተህ ጨው ባለው ሰው ላይ ትነሰንሳለህ?

«መርከቧ ባለ አንድ ጎን ናት፤ በግራዋ በኩል ሽቦ ብቻ ነው!»

ይኸኛው ተረብ ዕውቀት አለበት፤ ስለዚህ መልሱም ረዘም ይላል። የመርከቧ የኢንተርፕራይዝ ትልቁ ሞዴል 3.4 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። ንድፉን ያወጣው የአውሮፕላን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቀው ማት ጄፍሪስ ነበር። የመርከቧን ገላ ሆን ብሎ ለስላሳ አደረገው። ምክንያቱን ሲናገር፣ አእምሮ ያለው መሐንዲስ ለጥገና የሚያስፈልገውን ማሽን ጠጋኙ በማይደርስበት ውጭ አይዘረጋውም፣ ከውስጥ ያኖረዋል ብሏል። ሌሎች የጠፈር መርከብን በቱቦና በጉጥ ሲያጨናንቁ እሱ ስለ ጠጋኙ ሠራተኛ አሰበ።

የመብራቱ ሽቦ በግራ ጎኗ መግባቱ እውነት ነው። ስለዚህ የሚቀርጹት ቀኟን ነበር። በግራ መታየት ሲኖርባት የመርከቧ ቁጥርና ስም ተገልብጦ ይለጠፋል፤ ከዚያ ፊልሙ ራሱ ይገለበጣል፤ ጽሑፉ ይቃናል፤ ቀኝም ግራ ይሆናል። ያቺ ባለ አንድ ጎን መርከብ ዛሬ ያለችው ዋሽንግተን፣ የራይት ወንድማማቾች አውሮፕላን በሚገኝበት የአየርና የጠፈር ብሔራዊ ሙዚየም ነው። እሷ በአንድ ጎኗ ሙዚየም ገብታለች። አንተ በሁለቱም ዓይንህ ሽቦውን ብቻ አየህ።

«ሰማያዊ ሳጥን ነው የጠፈር መንኮራኩር?»

አሁን ደግሞ ለንደን ደረስን፤ ቢቢሲ በኅዳር 1963 ወደ ጀመረው ተከታታይ ፊልም «ዶክተር ሁ»። በሐሳቡ መሠረት ሳጥኑ በሄደበት ሁሉ ቦታውን የሚመስል መልክ መያዝ ነበረበት። በየታሪኩ አዲስ መልክ መሥራት ግን ኪስ ይጎዳል። ስለዚህ ተበላሽቶ በፖሊስ ስልክ ሳጥን መልክ ቀረ ተባለ፤ ብልሽቱም የታሪኩ አካል ሆነ። በ1966 ዋናው ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል ጤናው ሲታወክ ፊልሙን ከመዝጋት ይልቅ ጀግናው መልኩን ቀይሮ እንደ አዲስ የሚነሣ ፍጡር ነው አሉና ለፓትሪክ ትራውተን አስረከቡ። ያ ፊልም ዛሬም የሚሠራው በዚያች መላ ነው።

ሳጥኑ ሲነሣ የሚሰማውን ጉርምርምታ ታውቀዋለህ? የቢቢሲ የድምፅ ባለሙያ ብራያን ሆጅሰን የቤት ቁልፍ በአሮጌ ፒያኖ አውታር ላይ ፈተገው፤ ያን ቀርጾ ደጋግሞ አቀነባበረው። አንተ በቁልፍህ የምትከፍተው ሳሎንህን ነው። እሱ በቁልፉ ዘመን ከፈተ።

«ያቺ ጥቁር ሴት ስልክ ከማንሳት በቀር ምን ሠራች?»

እዚህ ላይ ቀስ በል። ወደ «ስታር ትሬክ» ስንመለስ፣ የመገናኛ መኮንኗን ኡሁራን ሆና የተጫወተችው ኒሼል ኒኮልስም ራሷ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ወደ መድረክ ተውኔት ልትመለስ አስባ ነበር። እሷ እንደተናገረችው፣ እንዳትሄድ የለመናት ማርቲን ሉተር ኪንግ ነው። ጥቁር ሴት አገልጋይ ሳትሆን መኮንን ሆና በየሳምንቱ በሚሊዮን ቤት ስትታይ ትርጉሙ ምን እንደሆነ ነገራት፤ ቀረች። በ1977 ደግሞ ናሳ ሴቶችንና ጥቁሮችን ለጠፈርተኛነት ሲፈልግ ቅስቀሳውን የመራችው እሷ ናት። ልጅ ሳለች ኡሁራን እያየች ያደገችው ሜይ ጄሚሰን በ1992 ወደ ጠፈር የሄደች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። መንኮራኩሯ ውስጥም ፈረቃዋን የምትጀምረው የኡሁራን የመገናኛ ጥሪ እየተናገረች ነበር። ስልክ አንሺዋ ጠራች፤ ተጠሪዋ ከጠፈር አቤት አለች። አንተን ማን ጠርቶህ ያውቃል?

«ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን በሦስት ዓመት ተዘጋ?»

የዘጋው እኮ ገመድ የሚስበው ሰው አይደለም፤ ወንበር ላይ የተቀመጠው ነው። ያው የኤንቢሲ ጣቢያ የመጀመሪያውን የሙከራ ክፍል ለተመልካች ይከብዳል ብሎ መልሶታል። ፊልሙ በሕይወት እንዲቆይ የዴሲሉ ባለቤት ሉሲል ቦል ባትቆምለት ኖሮ ያን ጊዜውኑ ተቀብሮ ነበር። የመርከቧን መኮንን ስፖክን ከነሹል ጆሮው ሲያዩት ደግሞ ሰይጣን ይመስላል ብለው ፈሩና በማስታወቂያ መጽሔታቸው ላይ ጆሮውንና ቅንድቡን በቀለም አለሰለሱት። ሜካፕ ሠሪው ፍሬድ ፊሊፕስ ከጎማ ያበጀውን ጆሮ ቢሮ ያለ ሰው በብሩሽ ቆረጠው። ሕዝቡ ግን የወደደው ያንኑ ጆሮ ነው።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ይዘጋል ሲባል ቢጆ ትሪምብልና ባሏ ጆን ተመልካቹን ቀሰቀሱ፤ ደብዳቤው በጣቢያው ላይ ጎረፈ። በ1968 ጣቢያው ፊልሙ እንደሚቀጥል በአየር ላይ አስታወቀ። ከዚያ በጀቱን ቀንሶ ወጣቱ ከቤት በሚወጣበት ዓርብ ምሽት በአራት ሰዓት አስቀመጠው። እንዲህ አድርጎ ተመልካች አነሰ ማለት እግር አስሮ ሩጥ ማለት ነው። የመጨረሻው 79ኛ ክፍል የተላለፈው ሰኔ 3 ቀን 1969 ነው። ሰው ጨረቃን የረገጠው ከሰባት ሳምንት ገደማ በኋላ ሐምሌ 20 ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ማንም ያላየውን አገር ለሚሊዮኖች አስናፈቁ። በ1976 ናሳ የመጀመሪያውን የሙከራ መንኮራኩሩን ኢንተርፕራይዝ ያለው በተመልካች ደብዳቤ ብዛት ነው። ጣቢያው የዘጋውን መርከብ መንግሥት ከፈተው።

«እነሱ ገንዘብ አላቸው፤ እኛ አገር ይኸ አይሆንም!»

እስካሁን ገንዘብ የላቸውም ብለህ ስትስቅ ቆየህ፤ አሁን ደግሞ ገንዘብ አላቸው አልክ? አንዱን ምረጥ። በ2015 የወጣው «ክራምብስ» የተባለ ሳይንሳዊ ልብወለድ ፊልም እዚሁ አገራችን ተቀርጾ በአማርኛ ተሠርቷል፤ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ዳንኤል ታደሰ ነው፤ ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው። የውጭ ሰው መጥቶ በኛ ሰዎችና በኛ መልክዓ ምድር ነገን ካየ፣ እኛ ለማየት ምን ያዘን? የጎደለን አሉሚኒየም ብናኝ አይደለም፤ ካሜራውን መዘቅዘቅም ከባድ አይደለም። ደራሲው ስለ ትላንት ሠርግና ቅናት ብቻ ሳይሆን ልጆቹ ስለሚኖሩበት ዘመንም ይጻፍ። ፕሮዲዩሰሩም «ማን ያየዋል?» ማለቱን ይተው።

«ይህ ሁሉ ጎበዝ ከነበረ ለምን ስማቸውን አልሰማንም?»

እጅህን ስጠኝ፤ ይኸ ተረብ አይደለም፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ክዳኗ ብድግ ስትል የምትከፈተውን የመገናኛ መሣሪያ የሠራት ዋ ቻንግ ነው፤ በወጣትነቱ ፖሊዮ የያዘው፣ በእጁ ግን ያሰበውን ሁሉ የሚቀርጽ ቻይና አሜሪካዊ። የሠራተኛ ማኅበሩ አባል ስላልነበረ ስሙ በፊልሙ ላይ አልተጻፈም። በ«ዶክተር ሁ» ደግሞ የሮን ግሬነርን ዜማ ተቀብላ የድምፅ ቴፕ በምላጭ እየቆረጠችና እየቀጠለች ዓለም የሚያውቀውን መግቢያ ሙዚቃ ያቀናበረችው ዴሊያ ደርቢሻየር ናት። ስሟ በፊልሙ ላይ የተጻፈላት በ2013፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ እሷ ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። የሚያሳፍረው እንግዲህ ይኸ ነው። ጣውላ አያሳፍርም፣ ጎማ አያሳፍርም፣ የጨው ዕቃም አያሳፍርም። ጣውላውን ያቆመውን ሰው ስም መዝለል ግን ያሳፍራል።

ስለዚህ የመጨረሻውን መልስ የምሰጠው ለተረበኛው ሳይሆን እዚህ አገር ድራማ ለምትሠሩ ፕሮዲዩሰሮችና ለምታሳዩ ጣቢያዎች ነው። ስም ዝርዝሩ ገና ሲጀምር ማስታወቂያ አታስገቡ። መብራት የተሸከመውን፣ ልብስ የተኮሰውን፣ ጄኔሬተር የጠበቀውን፣ ሌሊቱን ሙሉ ድምፅ ያጸዳውን ሰው ስም ሰው በሚያነበው ፍጥነትና በሚታይ ፊደል ጻፉት። ጊዜ የለንም እንዳትሉ፤ ለሳሙና ማስታወቂያ የተገኘ ሠላሳ ሰከንድ ሳሙናውን ላልሸጠው ሠራተኛም ይገኛል። ያን ጊዜ ተረበኛው የሚስቅ ከሆነም ይሳቅ፤ በማን ሥራ እንደሚስቅ ግን በስሙ ያውቀዋል፤ ባለስሙም መልሱን ራሱ ይሰጠዋል።