ኧረ ወረቀቱን ተዉት!

የልጅ ልጄ ሥነ ጥበብ ልትማር ነው ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አንበሳ ወይም ዐፄ ቴዎድሮስን ትሥልልኛለች ብዬ። እሷ ግን ወረቀት ታጥፋለች። አጣጥፋ አጣጥፋ ጠረጴዛዬ ላይ ትገትረዋለች። «ይሄ ምንድን ነው?» ስላት «ምንም አይደለም አባባ፤ ቅርጽ ነው» ትለኛለች። እኛ ወረቀት ስናጥፍ ጀልባ ይወጣው ነበር፤ ጎርፍ ላይ ይንሳፈፋል። አውሮፕላን ይወጣው ነበር፤ የመምህሩ ማጅራት ላይ ያርፋል።

ስቆጣት ጀርመኖችን ትጠራለች። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ ደሳው ከተማ፣ ባውሃውስ የሚባል ትምህርት ቤት ዮዜፍ አልበርስ የሚባል መምህር ነበር። ጋዜጣ ተሸክሞ ክፍል ይገባና ለተማሪዎቹ ያድላል፤ መቀሱም ሙጫውም ይቅርባችሁ፣ ከዚህ የተሻለ ነገር አድርጉት ብሎ ይወጣል። ሲመለስ አንዱ ጀልባ፣ አንዱ ቤተ መንግሥት፣ አንዱ እንስሳ ሠርቶ ጠበቀው። ሁሉንም የሕፃናት ሥራ ነው ብሎ ናቀው! ማንን አመሰገነ? ጋዜጣውን በቁመቱ አጥፎ ያቆመውን። በቃ፣ አጥፎ ያቆመውን! ልፍስፍሱ ወረቀት ሲታጠፍ በጠርዙ ይቆማል፣ ጉልበቱም ከእጥፋቱ ይመጣል ነው ነገሩ። ቤተ መንግሥቱን የሠራሁት እኔ ብሆን ኖሮ በማግስቱ ወላጅ ይዤ እመጣ ነበር።

ሚስቱ አኒ ሸማኔ ነበረች ስትለኝ ትንሽ ተጽናናሁ፤ ከቤቱ አንድ ጋቢ የሚሠራ ሰው አለ ማለት ነው ብዬ። ለካ ብዙውን ሸምና ሸምና ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው! የእኛዪቱም ወረቀቱን በቀጭኑ ትተለትልና ድርና ማግ አድርጋ ትሸምነዋለች። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ይህን ጉድ አላዩ። ሸማ ይለበሳል፣ ሰሌን ይነጠፋል፤ ይሄ ምን ይሠራል? አቧራ ይይዛል። አራጋፊውም እኔው ነኝ፤ ያውም በጨርቅ አይነካም፣ እፍ እያልኩ።

ደግሞ ክብ ክቡ መጣ። በኮምፓስ ክብ በክብ ውስጥ ታሰምራለች፣ መሐሉን ቆርጣ ታወጣለች፣ መስመሩን ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ትጫነዋለች፤ ከዚያ አንዱን ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ወደ ታች ታጥፋለች። ስትለቀው፣ ማርያምን፣ ወረቀቱ ራሱ ተጠማዞ ኮርቻ ይሆናል። «በቅሎዋስ?» አልኳት። አሜሪካ ኤም.አይ.ቲ ያሉት ማርቲንና ኤሪክ ዲሜይን፣ አባትና ልጅ፣ እንዲህ ያለውን አጥፈው ኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ገብቶላቸዋል አለችኝ። ልጁ ገና በ20 ዓመቱ እዚያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረ የሒሳብ ሊቅ ነው። አባት ልጁን እንደ መገሠጽ አብሮት ቁጭ ብሎ ያጥፋል!

ጥንካሬውን አልክድም። ወዲያና ወዲህ ደጋግማ ባጠፈችው ላይ ሲኒዬን ባስቀምጥ ቻለልኝ። ግን እኮ ሲኒ ማስቀመጫ ጠረጴዛ ነበረኝ!

ባለፈው ሰሞን የመብራት ደረሰኜ ጠፍቶ ቤቱን ሳምሰው፣ ከአንዱ ቅርጽ ውስጥ ተሸምኖ አገኘሁት። ፍቺው ብላት «ሥራው ይበላሻል» አለችኝ። እናንተ ወረቀት አጣፊዎች፣ ባዶ ወረቀት በየሱቁ ሞልቷል፤ ማኅተም ያለበትን እባካችሁ ለእኛ ተዉልን።