ሰው በጠፋበት ዘመን የጥራት ነገር

በግብፅ፣ የዶቂና የሞሃንዲሲን ሰፈር ማዳሞች፣ ማለት አሠሪ እመቤቶች፣ ክፉ ዘመን ላይ ደርሰዋል፤ ሠራተኛ ጠፍቶባቸዋል። ሻይ ላይ በተገናኙ ቁጥር ወሬያቸው እሱ ነው። የድሮዎቹ ሐበሾች እንዴት ያሉ ነበሩ! ታማኝ፣ ንጹሕ፣ አፍ የሌላቸው። የአሁኖቹ ግን የእረፍት ቀን ይጠይቃሉ። አንዳንዷማ ደመወዟን በወሩ ትፈልጋለች። ከዚህ የባሰ ብልሹነት ከየት ይመጣል?

ጠፋ የተባለው ሰው እንኳ ሩቅ አልሄደም። የባቡር ሐዲዱን ተሻግሮ ቡላቅ አል-ዳክሩር ነው የጠፋው። ቱክቱክ ከሚርመሰመስበት የናሂያ መንገድ ገባ ሲሉ፣ ፀሐይ በማያያቸው ሕንፃዎች ውስጥ፣ አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተው ሲምሳር የሚሉትን የደላላ ስልክ የሚጠብቁ የአገራችን ሴቶች አሉ። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሦስተኛው የሜትሮ መስመር በሰፈሩ ስም ጣቢያ ከፍቷል። አንድ ትኬት የሚያገናኛቸው ሰዎች እንዲህ መጠፋፋታቸው የሚገርም ነው።

ግን ማዳምን አንቸኩልባቸው። እሳቸው ያጡት እንዲያው ሰው አይደለም፤ ለጽዳት ተቀጥራ የምታበስል፣ የምትተኩስ፣ ምንጣፍ የምታጥብ፣ አያትየዋን መድኃኒት የምታስውጥ፣ ሌሊት ሕፃን ሲነቃ ከሕፃኑ ቀድማ የምትነቃ ሰው ነው ያጡት። ይህን ሁሉ በአንድ ደመወዝ የምትሠራ ስትጠፋ፣ የሥራ ገበያው ተበላሸ ይባላል። ሦስት ሠራተኛ ይቀጠር የሚል ካለ የቤት አያያዝ ያልገባው ነው።

በጥራት ላይ ደግሞ ማዳም ቀልድ አያውቁም። ብርጭቆ ከተሰበረ ከደመወዝ ይቆረጣል፤ ሸሚዝ ከተቃጠለ ይቆረጣል። የብርጭቆውን ዋጋ ገማች ማዳም፣ ዳኛ ማዳም፣ ገንዘብ ያዥም ማዳም ናቸው። እንዲህ ያለ የተቀላጠፈ ፍትሕ በየትኛው ፍርድ ቤት ይገኛል? ሠራተኛዋ በአራት ሰዓት እንቅልፍ ቆማ መዋሏ በሒሳቡ ውስጥ አይገባም፤ ድካም ደረሰኝ የለውም። ደመወዝ የሚሸርፈው ብርጭቆ ብቻም አይደለም፤ በማርች 2024 የግብፅ ፓውንድ ሲወድቅ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ31 ገደማ ወደ 50 ገደማ ዘለለ። በፓውንድ ተከፍሏት ለእናቷ በዶላር ሒሳብ የምትልክ ልጅ ደመወዟ በአንድ ቀን ከሲሶ በላይ ተሸረፈ። ይህን ብርጭቆ ማን እንደሰበረው የጠየቀ አልነበረም።

ሲምሳሩም ቢሆን ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ነው። ኮሚሽኑን ከተቀበለ በኋላ የሚሰማው በስልክ ብቻ መሆኑ ነው እንጂ። ማዳም «ልጅቷ አልሆነችም» ብለው ሲደውሉ ሌላ ይልካል። ልጅቷ «ቤቱ አልሆነም» ብላ ስትደውል «ታገሺ እህቴ፣ ሥራ የለም» ይላታል። ለማዳም ሰው የለም፣ ለልጅቷ ሥራ የለም፤ ለእሱ ብቻ ሁለቱም አሉት።

የሁለቱን አገር መንግሥታት ግን ማመስገን ይገባል። ከ20 ዓመት በላይ ሲሠራበት የኖረው የግብፅ የሠራተኛ ሕግ፣ የ2003ቱ (እ.ኤ.አ.) ቁጥር 12፣ በአንቀጽ 4 የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ ከወሰኑ አስወጥቶ ነበር። የእኛም አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን አይመለከተኝም ብሎ፣ ጉዳዩን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። በ2011 (እ.ኤ.አ.) ጄኔቫ ላይ ለቤት ሠራተኞች የወጣውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189ም ሁለቱም አላጸደቁም። በአባይ ጉዳይ ስንት ዓመት ሙሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያልተስማሙ አገሮች፣ በዚህች ልጅ ላይ ግን ያለ አደራዳሪ ተስማምተዋል። ዲፕሎማሲ አልተሳካም ያለው ማነው?

እንግዲህ ጥራት ከተወደደ ጥራት ይሁን። ማዳም የሥራውን ዓይነትና ሰዓት በወረቀት ይጻፉ፤ ለሚቆርጡትም ደረሰኝ ይስጡ። ሲምሳሩ ለላካት ልጅ እንደሚሆነው ሁሉ ለላከበት ቤትም ዋስ ይሁን። ሕጉም አንድ ጊዜ በሩን አንኳኩቶ ወደ ኩሽና ይግባ። ያን ጊዜ ጠፋ የተባለው ሰው በሜትሮ ይደርሳል። ማዳም ግን ሲፈልጉ የኖሩት ሰው ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም።